ሞተር ከመግዛታችሁ በፊት ጉልበታችንን ለኩ

ለ፦ በአዳማ ምሕንድስና ለምታስተምሩና ለምትማሩ፣ ለምርምር ገንዘብ ለምትፈቅዱም ሁሉ
ጉዳዩ፦ የሚለበስ የመራመጃ መሣሪያ፣ ኤክሶስኬሌተን የሚባለውን፣ ስለመሥራት

ጤና ይስጥልኝ።

እኔ መካኒክ ነኝ። ፍራንኮ አካባቢ ከአንድ ትንሽ ጋራዥ ጥግ ተቀምጬ ዊልቸር፣ ክራንችና የእግር ብረት እጠግናለሁ፤ ሰው ከመጣ የባጃጅ ፍሬንም አስተካክላለሁ። ድሮ ሥራዬ የጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ነበር። በ2004 ዓ.ም. ከተጫነ ተሳቢ ላይ ወድቄ የጀርባ አጥንቴ ወገቤ ላይ ተሰበረ። አሁን ጭኔን ትንሽ ማንሳት እችላለሁ፣ ጉልበቴን በወጉ መዘርጋት አልችልም፣ ከጉልበቴ በታች ያለው ደግሞ የእኔ ይሁን የሌላ ሰው ካላየሁት አላውቀውም። ሁለቱም እግሬ ላይ ብረት አስሬ በክራንች ከጋራዡ በር እስከ ሻይ ቤቱ እሄዳለሁ። ከዚያ በላይ ዊልቸር ነው።

ይህን ያስቀደምኩት «አንተ ደግሞ ስለ ኤክሶስኬሌተን ምን አገባህ?» የሚል ስለማይጠፋ ነው። ለባሹ እኔ ነኝ። ኪያቢ መያዝም አላቆምኩም።

በየዓመቱ ግንቦት ሲቃረብ የመመረቂያ ፕሮጀክት የያዙ ልጆች ጋራዡ ድረስ ይመጣሉ። ከዚህም ከተማ ከሌላም ከተማ ይመጣሉ። ላፕቶፓቸውን ከፍተው የሚሽከረከር ሥዕል ያሳዩኛል፤ ሥዕሉ ላይ ያለው ሰው ሁልጊዜ ወጣት ነው፣ ቀጥ ያለ ነው፣ ቁመቱም ከእኔ ይበልጣል። «ጋሼ፣ እስቲ ይህን ይዩልን» ይሉኛል። ሞተሩ ተገዝቷል፣ ባትሪው ተገዝቷል፣ ሰሌዳው ላይ ሽቦው ተዘርግቷል። የቀራቸው ሰው ነው። እኔ ዘንድ የሚመጡት እንደ መጨረሻው የዕቃ ዝርዝር ሊገዙኝ ነው ብል አይቆጡኝም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ፤ እወዳቸዋለሁ። የዚህ ደብዳቤ ዋና ጉዳይም ይኸው ቅደም ተከተል ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዱን ለሙከራ ለብሼው ነበር። የት እንደሆነና እነማን እንደነበሩ አልናገርም፤ ከተማውም አዳማ አልነበረም። ልጆቹ ቅኖች ናቸው፣ ዛሬም በዓል ሲደርስ ይደውሉልኛል። መሣሪያው ከአራት ማዕዘን አሉሚኒየም የተበየደ ሆኖ ዳሌውና ጉልበቱ ላይ የመኪና የዝናብ መጥረጊያ ሞተር ተገጥሞለታል። ሳየው ሳቄ መጣ፤ ያንን ሞተር ስንቴ ፈትቼ ገጥሜዋለሁ! ርካሽ ነው፣ ጉልበት አለው፣ በ12 ቮልት ይሠራል። ውስጡ ያለው ጠመዝማዛ ማርሽ ግን አንድ ጠባይ አለው፦ ሞተሩ ማርሹን ያዞራል እንጂ ማርሹ ሞተሩን መልሶ አያዞርም። ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ መጥረጊያው መስታወቱ መሃል ቀጥ ብሎ የሚቀረው ለዚህ ነው። መስታወት ላይ ቢቀር ማን ይጎዳል? እግር ላይ ሲሆን ግን አንዲት ሽቦ ብትበጠስ ጉልበቴ አየር ላይ እንደታጠፈ ይቆለፋል፣ እኔም እንደ ጆንያ እወድቃለሁ። ይህንኑ ነገርኳቸው። «ጋሼ፣ አይበጠስም» አሉኝ። እውነትም አልተበጠሰም።

የተበጠሰው ቆዳዬ ነው።

እንግዶች ነበሩ፣ ካሜራ ነበር። ሁለት ልጆች ግራና ቀኝ ደግፈውኝ ስድስት እርምጃ ሄድኩ። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም፣ አልዋሽም፣ እንባዬ መጣ። በብረት ስሄድ ጉልበቴ ተቆልፎ እግሬን እንደ ኮምፓስ እያወናጨፍኩ ነው የምጎተተው፤ ያን ቀን ጉልበቴ ታጥፎ ሲዘረጋ ቁልቁል አየሁት። ለፎቶ ሌላ ስድስት እርምጃ ጨመርን። ዘግይቶ ለመጣ እንግዳ ደግሞ ሌላ ስድስት። እንዲህ እንዲያ እያልን ልብሱ አርባ ደቂቃ ላዬ ላይ ቆየ። ማታ ባለቤቴ እግሬን ስታጥብ በድንገት ዝም አለች። ከጉልበቴ ዝቅ ብሎ በውጭ በኩል፣ አጥንቱ ጎላ የሚልበት ቦታ ላይ፣ የሃምሳ ሳንቲም ስፋት ያህል ቆዳ ተልጦ ነበር። አልተሰማኝም፤ ሊሰማኝም አይችልም። ያ ቁስል እስኪድን ሦስት ወር ፈጀ። ሦስት ወር ብረት ማሰር የለም፣ ጋራዥ መውጣት የለም፣ ገቢ የለም። ልጆቹ ብርቱካን ይዘው ሊጠይቁኝ መጡ፤ አንደኛው አለቀሰ። ውጤታቸው ግን ጥሩ ነበር፣ ደስ ብሎኛል።

ምን እንደተፈጠረ በጋራዥ ቋንቋ ልንገራችሁ። የመሣሪያው ጉልበት አንድ ቡሎንና አንድ ኩሽኔታ ነበር፤ እንደ በር ማጠፊያ በአንድ ቋሚ ነጥብ ላይ ይዞራል። የሰው ጉልበት እንዲያ አይሠራም። የጭን አጥንት ጫፍ በቅልጥሙ አጥንት ላይ እየተንከባለለም እየተንሸራተተም ነው የሚታጠፈው፤ መዞሪያው በታጠፈ ቁጥር ቦታውን ይቀይራል። ስንራመድ፣ እግር ከመሬት ተነሥቶ ወደፊት ሲወነጨፍ ጉልበት ወደ 60 ዲግሪ ይታጠፋል። በእነዚያ 60 ዲግሪዎች ውስጥ የእኔ መዞሪያ ሄዷል፣ የብረቱ ባለበት ቆሟል። ልዩነቱ የሆነ ቦታ መውጫ ይፈልጋል። መኪና ላይ ሁለት ዘንግ መስመሩን ከሳተ ኩሽኔታው ይጮኻል፣ ይግላል፣ በመጨረሻም ይበተናል። እኔ እግር ላይ የሚጮኽ ነገር አልነበረም፤ ማሰሪያው በየእርምጃው ቆዳዬን ሽቅብና ቁልቁል ሲፈገፍገው ዋለ።

ልጆቹ ከእኔ በፊት በራሳቸው ላይ ሞክረውት ነበር። ችግሩ እዚያ ነው። ጤነኛ ሰው ሲቆጠቁጠው ሳይታወቀው እግሩን ትንሽ ያዛውራል፣ ዳሌውን ይሰብቃል፣ ከመሣሪያው ጋር ይስማማል፤ ከዚያ «ይሠራል» ተብሎ ይጻፋል። እኔ ማዛወር አልችልም። መሣሪያው ነው ከእኔ ጋር መስማማት ያለበት።

መላ የለውም አላልኩም። መዞሪያው ከሰውየው ጋር አብሮ እንዲንሸራተት ተጨማሪ መገጣጠሚያ የሚያስገቡ አሉ። ሁለት ትንንሽ ማርሾችን አጣምረው የጉልበት ማጠፊያ የሚሠሩ አሉ፤ ይህኛው በተራ የጉልበት ድጋፍ ላይም የኖረ ነገር ነው። በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ኮነር ዎልሽና ባልደረቦቻቸው ደግሞ ጠንካራውን ብረት ጭራሽ ትተው በጨርቅ ልብስ ላይ ገመድ ዘርግተው የሚስብ መሣሪያ ሠርተዋል፤ ገመዱ የብስክሌት ፍሬን ገመድ ዓይነት ነው፣ በሽፋኑ ውስጥ የሚመላለስ። ብረት ከሌለ የሚሳሳት መዞሪያም የለም። ለእኔ ግን አይሆነኝም፤ ጨርቅ ሰው አያቆምም፣ ክብደቱን የሚሸከመው የለባሹ የራሱ እግር ነውና። ስትሮክ መትቶት በአንድ ወገኑ ለሚጎተት ሰው ግን ሌላ ታሪክ ነው፤ ወደዚያ እመለሳለሁ።

ስልኬ ላይ ስለዚህ ነገር ያልተመለከትኩት ቪዲዮ ጥቂት ነው። ያለሥራ ሦስት ወር የተኛ ሰው ምን ያደርጋል? ከሁሉ የገረመኝ የጄኔራል ኤሌክትሪክ ሀርዲማን ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አሜሪካኖች ሰው ለብሶት ከባድ ሸክም የሚያነሳ ማሽን ሊሠሩ ተነሡ፤ ማሽኑ ራሱ 680 ኪሎ ያህል መዘነ። ሁሉም ክፍሉ አንድ ላይ ሲነሳ ከቁጥጥር ውጭ ስለሚወራጭ ሰው ውስጡ አስገብተው ሙሉውን ሊያንቀሳቅሱት አልደፈሩም። በስተመጨረሻ አንድ ክንዱን ብቻ ማሠራት ላይ ቆሙ። ያ ኩባንያ ገንዘብ አጥቶ አይደለም። በዚያው ዘመን መጨረሻ ላይ ቤልግሬድ ውስጥ፣ በሚሀይሎ ፑፒን ኢንስቲትዩት፣ ሚዮሚር ቩኮብራቶቪች የተባሉ ሰው ከባልደረቦቻቸው ጋር በተቃራኒው መንገድ ሄዱ። ከግዙፍ ሸክም ሳይሆን እግሩ ከማይታዘዝ ሰው ተነሡ፤ በአየር ግፊት የሚሠራ የእግር መሣሪያ ሠርተው ሰው ሚዛኑን ሳይስት የሚራመድበትን ስሌት ተከታተሉ። ያ ስሌት ከዚያ ወዲህ ሁለት እግር ያላቸው ብዙ ሮቦቶች የተራመዱበት ነው። ዩጎዝላቪያ አሜሪካ አልነበረችም፤ ለእናንተ ይህ ይበቃችኋል።

ከዚያ ሪዎክ የሚባለው ኤክሶስኬሌተን አለ። የሠራው አሚት ጎፈር የተባለ እስራኤላዊ መሐንዲስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1997 በደረሰበት አደጋ አራቱም እጅና እግሩ የተጎዱ ሰው ነው። መሣሪያው እ.ኤ.አ. በ2014 አሜሪካ ውስጥ ሰው ቤቱ ወስዶ እንዲጠቀምበት የተፈቀደ የመጀመሪያው ሆነ። ለባሹ ግን ክራንች መያዝ ስላለበት፣ እጆቹ የማይታዘዙት ሠሪው ራሱ ሊራመድበት አልቻለም። ይህን ሳነብ ላፕቶፑ ላይ የሚሽከረከረው ወጣት ትዝ አለኝ። አንድ መሣሪያ ለሁሉም አይሆንም፤ ለሠሪውም እንኳ። ዋጋው ሲወጣ ከ70 ሺህ ዶላር ገደማ ይጀምር ነበር፤ በብር ማስላቱን ለእናንተ ልተወው። ቁመትም ገደብ አለው፦ ከ160 እስከ 190 ሴንቲ ሜትር። የአገራችን ሴቶች አማካይ ቁመት ከ160 በታች ነው። ከውጭ አምጥተን እንኳ ብንገዛው ከእናቶቻችን ከግማሽ በላዩ በር ላይ ይመለሳሉ ማለት ነው። ታዲያ እናንተ ስትሠሩ ከየትኛው ቁመት ትነሣላችሁ? ልብስ ሰፊ ሳይለካ ጨርቅ አይቆርጥም፤ እኛ ግን ከውጭ መጽሐፍ በተቀዳ የሰውነት ልክ አሉሚኒየም እንቆርጣለን።

አዳማን ደግሞ ታውቋታላችሁ። ሙቀቱ፣ አቧራው፣ ያ የማያባራ ንፋስ። ከተማዋ ዳርቻ ላይ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ማማዎቹን የተከሉት በከንቱ አይደለም። ጃፓን ውስጥ በጹኩባ ዩኒቨርሲቲ ዮሺዩኪ ሳንካይ የሠሩት ሀል የሚባለው መሣሪያ ቆዳ ላይ በሚለጠፍ መቀበያ ጡንቻ ሊንቀሳቀስ ሲል የሚሰጠውን ደካማ የኤሌክትሪክ ምልክት እያነበበ ሰውየው ያሰበውን ይረዳል። ውብ ሐሳብ ነው። ግን ሚያዝያ ላይ ከሰዓት በኋላ እዚህ ቆዳ ላይ የተለጠፈ ነገር ስንት ደቂቃ ይቆያል? ላብ ምልክቱን ያበላሻል፣ መቀበያውም ይንሸራተታል። ይህን ጋራዥ ውስጥ መሞከር ትችላላችሁ፤ አየር ማቀዝቀዣ ያለው ላቦራቶሪ ውስጥ ግን አታገኙትም።

በፕላስቲክ ማተሚያ ማሽን የታተመ የቁርጭምጭሚት ቁራጭ ያመጡልኝ ልጆች ነበሩ። ያማረ ነበር፣ ልክ እንደ ፋብሪካ ዕቃ። መስኮቱ በተዘጋ መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ ትተውት ምሳ በሉ። ሲመለሱ ጎብጧል። ያ በብዛት የሚታተምበት ርካሹ ፕላስቲክ፣ ፒኤልኤ የሚሉት፣ ወደ 60 ዲግሪ ሲጠጋ መለስለስ ይጀምራል፤ የተዘጋ መኪና ዳሽቦርድ አዳማ ላይ እዚያ ለመድረስ አይቸገርም። የእግር ድጋፍ የሚሠሩ ባለሙያዎች ፖሊፕሮፒሊን የሚጠቀሙት ወደው አይደለም፤ ሙቀት ይችላል፣ ደጋግሞ ቢታጠፍም ቶሎ አይሰነጠቅም፣ ሲያስፈልግ በምድጃ አሙቆ እንደገና ማስተካከል ይቻላል። እነዚያን ባለሙያዎች አማክራችሁ ታውቃላችሁ? እኔ የማውቃቸው ሁለቱ አንድም ተማሪ አልጠየቃቸውም።

ኮብልስቶኑን አትርሱ። በርጩማውን አትርሱ፤ ቡና ላይ የምንቀመጥበት በርጩማ ከፈረንጅ ወንበር እኩሌታ ነው፣ ከዚያ ለመነሣት ጉልበት ላይ የሚያርፈው ጫና ሜዳ ላይ ከመሄድ ብዙ ይበልጣል። ሽንት ቤቱ የቁጢጥ ነው። ቤተ ክርስቲያን የሚሰግድ፣ መስጊድ ሱጁድ የሚወርድ ሰው አለ። መሣሪያችሁ መራመድን ብቻ ካወቀ ሰውየውን ከቤቱ አያወጣውም።

አሁን ስለ አባቴ ልናገር፤ ከጉዳዩ የወጣሁ ከመሰላችሁ ትንሽ ታገሡኝ። ወንጂ ነው ተወልጄ ያደግሁት። አባቴ ዕድሜውን በሙሉ ሸንኮራ አገዳ ውስጥ ኖረ። ጥርሳችን ቡናማ ነው፤ የስምጥ ሸለቆ ልጅ መሆናችን አፋችንን ስንከፍት ይታወቃል። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ ከ1.5 ሚሊ ግራም በላይ ፍሎራይድ እንዳይኖር ይመክራል፤ የወንጂ የጉድጓድ ውኃ ከዚያ ብዙ እጥፍ የነበረበት ዘመን ነበር። ጥርስ መበላሸቱ ቀላሉ ነው። ለብዙ ዓመት የጠጣ ሰው አጥንቱ ይወፍራል፣ ጅማቱ ይጠጥራል፣ አከርካሪው እንደ ዘንግ ይደርቃል፣ አንዳንዱ ሰው ላይም ነርቭ ይጫናል። አባቴ በመጨረሻ ጊዜው ሲጠሩት አንገቱን ማዞር ስለማይችል መላ አካሉን ነበር የሚያዞረው።

እናንተ ከምትሠሩባት ከተማ አሥር ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ እንዲህ ያለ አካል ያላቸው ሽማግሌዎች አሉ። የወፈረ አጥንት ጠንካራ ይመስላል እንጂ ቶሎ ይሰበራል። የደረቀ መገጣጠሚያ ደግሞ ሞተር «60 ዲግሪ ታጠፍ» ስላለው አይታጠፍም፤ ወይ ሞተሩ ይቆማል፣ ወይ አጥንቱ። የእኔም አጥንት ሌላ ጣጣ አለበት፦ ጀርባው የተጎዳ ሰው እግሩ ክብደት መሸከም ሲያቆም የእግሩ አጥንት እየሳሳ ይሄዳል። በዓለም ላይ እንዲህ ያለ መሣሪያ ለብሰው ሲራመዱ፣ ሳይወድቁ፣ እግራቸው የተሰበረ ሰዎች ተመዝግበዋል። ስለዚህ ከሙከራ በፊት ሐኪም አጥንቱን፣ መገጣጠሚያውን፣ ቆዳውን፣ ሲቆም የደም ግፊቱ መውረድ አለመውረዱን ያያል። የሚመለከተውን ሐኪም ፊርማ ሳታገኙ እኔን አታስነሡኝ።

እንግዲህ ምን እንሥራ ትሉኛላችሁ። እኔን አታስቀድሙኝ። ይህን ማለት ለእኔ ቀላል አይደለም፣ ግን ሁለቱም እግሩ ያልታዘዘውን ሰው ማራመድ ከሁሉ የከበደው ፈተና ነው፣ በስድስት ወር ፕሮጀክትም አያልቅም። ስትሮክ ከመታቸው ሰዎች ጀምሩ። ቁጥራቸው ብዙ ነው፣ ብዙዎቹም መቆም ይችላሉ፤ ችግራቸው የእግራቸው ጫፍ ተንጠልጥሎ መሬት እየጫረ ማደናቀፉ፣ ተረከዛቸውም ሲነሣ ገፍቶ አለመሄዱ ነው። መራመድ ላይ ወደፊት የሚገፋን ትልቁ ኃይል ከቁርጭምጭሚት ነው የሚመጣው።

እዚህ ላይ መካኒክን የሚያስደስት ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 ስቲቨን ኮሊንስ፣ ብሩስ ዊጊንና ግሪጎሪ ሳዊኪ አሜሪካ ውስጥ ሞተርም ባትሪም የሌለው የቁርጭምጭሚት መሣሪያ አሳተሙ። ያለው ሞላና ትንሽ ፍሪሲዮን ብቻ ነው። እግር መሬት ሲረግጥ ፍሪሲዮኑ ይይዛል፣ ሞላው ከባት ጡንቻ ጋር ጎን ለጎን ይለጠጣል፣ ተረከዝ ሲነሣ ያጠራቀመውን ይመልሳል፤ እግር አየር ላይ ሲሆን ፍሪሲዮኑ ስለሚለቅ ቁርጭምጭሚቱ እንደልቡ ይታጠፋል። አንዱ እግር ላይ የሚታሰረው ክብደቱ ግማሽ ኪሎ ያህል ነው። ጤነኞች ለብሰውት ሲራመዱ የሚያወጡት ኃይል በ7 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ደግሞ አንድ ትምህርት አለበት፦ ሞላው ሲጠነክር ጥቅሙ አልጨመረም፣ ከመጠን ሲያልፍ ጠፋ። መሃሉን መፈለግ ነበረባቸው። ይህ ለስትሮክ መድኃኒት ነው አላልኩም፤ የተሞከረው በጤነኛ ላይ ነው፣ ለተጎዳ እግር ልኩ ሌላ ይሆናል። ግን ሞላ፣ የፍሬን ገመድ፣ ፖሊፕሮፒሊንና ቆዳ እዚህ ከተማ ውስጥ አለ። ቶርኖም አለ። የሚጎድለው ልኩን ለማግኘት ሃምሳ እግር ላይ መቀመጥ ነው።

ሞተር የግድ ካላችሁም አንድ ሁለት ነገር ስሙኝ። ሞተሩን ቁርጭምጭሚት ላይ አትስቀሉት፤ እግር ጫፍ ላይ ያለ አንድ ኪሎ ወገብ ላይ ካለ አንድ ኪሎ በብዙ ይከብዳል፣ በየእርምጃው ይወናጨፋልና። ወገብ ላይ አድርጋችሁ በገመድ ሳቡት። በሞተሩና በእግሩ መካከል ሞላ አስገቡ፤ ጊል ፕራትና ማቲው ዊሊያምሰን ኤምአይቲ በሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1995 ይህን ሲጽፉ ለሮቦት ነበር፣ ግን ሞላው ምን ያህል እንደተለጠጠ በመለካት ብቻ እግር ላይ ያረፈውን ኃይል ታውቃላችሁ፣ ድንገተኛ ምትም ይለዝባል። መብራት ሲጠፋ እግሩ ቀስ ብሎ የሚለቅ እንጂ የሚቆለፍ ወይም የሚከዳ አይሁን። ኩሽኔታውን በየሱቁ የሚገኘውን ምረጡ፤ 6201 በሉኝ፣ ውስጡ 12 ውጭው 32 ሚሊ ሜትር፣ ዓይኔን ጨፍኜ ከፖስታ ቤት ጀርባ አመጣዋለሁ። ከውጭ ካልታዘዘ የማይገኝ ዕቃ ያለበት መሣሪያ በተበላሸ ማግስት የመጋዘን ዕቃ ነው።

ሁለተኛው ሥራ ለብሰነው የማንወስደው፣ ፊዚዮቴራፒ ክፍል ውስጥ የሚቀር መሣሪያ ነው። ስዊዞች ሎኮማት የሚባል አላቸው፦ ሰውየው በማንጠልጠያ ቀበቶ ይያዛል፣ ከሥሩ መሮጫ ምንጣፍ ይዞራል፣ የሮቦት እግር እግሩን እያራመደ ይደግመዋል። አንጎል የሚማረው በመደጋገም ነው፤ ሺህ ጊዜ ማድረግ ይፈልጋል። የማውቃት አንዲት ፊዚዮቴራፒስት «ከበሽተኛው በፊት የሚደክመው የእኔ ወገብ ነው» ትለኛለች፤ ተንበርክካ የሰው እግር በእጇ ስታነሣ ስትጥል ትውላለችና። ጥናቶቹ አንድ ላይ ሲታዩ የሚሉት ደግሞ እንዲህ ያለው ማሽን ከፊዚዮቴራፒ ጋር ሲደመር ሰው ራሱን ችሎ የመራመድ ዕድሉን ከፍ እንደሚያደርግ ነው፤ በተለይ ስትሮኩ ከደረሰ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ውስጥ ላሉና ገና መራመድ ላልቻሉ። ያለ ፊዚዮቴራፒስት ማሽኑ ብቻውን ይበቃል ያለ የለም። አንድ እንዲህ ያለ፣ ከሎኮማት እጅግ የቀለለ፣ ክፍል ውስጥ ቢቀመጥ በቀን ስንት ሰው ይጠቀምበታል? እኔ ለብሼው የምሄደው ግን እኔን ብቻ ነው የሚጠቅመው፤ ባትሪውም መብራት በጠፋ ቁጥር ቤት ያስቀረኛል።

ገንዘብ የምትፈቅዱ፣ ለእናንተ ያለኝ አጭር ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ላይ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካል ጉዳተኞች መቋቋሚያና እርዳታ የሚውል ሀብት እንደሚመድብ ይላል። አገራችን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም አንቀጽ 4 ላይ ሁለት ነገር ያስገድዳል፦ ዋጋቸው ለሚቀመስ አጋዥ ቴክኖሎጂዎች ቅድሚያ ሰጥቶ ምርምርና ሥራን ማበረታታት፣ እንዲሁም እኛን በሚመለከት ውሳኔ ላይ እኛኑ ማማከርና ማሳተፍ። ሁለተኛውን ወደ ማመልከቻ ቅጻችሁ አስገቡት። «ለባሹ ማነው? መቼ ነው ያማከራችሁት? ለጠፋው የሥራ ቀኑ ስንት መደባችሁ? ቢቆስል ማን ያሳክመዋል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ሞተር ከመግዛቱ በፊት የተጻፈ መልስ ከሌለው ገንዘቡን አትልቀቁ። ለኤግዚቢሽን ቀን ብቻ የሚሆን በጀትም አትፍቀዱ፤ ከኤግዚቢሽኑ በኋላ ላለው ዓመት ፍቀዱ፣ መሣሪያው የሚበላሸው ያኔ ነው።

መምህራን፣ ልጆቹ እኔ ዘንድ የሚመጡበትን ወር ቀይሩልኝ። ግንቦትን ትታችሁ ጥቅምት ላይ ላኳቸው፤ ገና ምንም ሳይገዙ፣ ገና ሥዕሉ ባዶ ሳለ። የመጀመሪያው መንፈቅ ያለ ሞተር ይለፍ። ይለኩ፣ ይጠይቁ፣ ከፊዚዮቴራፒስቱ ጋር ተንበርክከው እግር ያንሡ። ከካርቶንና ከጨርቅ ሠርተው አሥራ አምስት ደቂቃ ብቻ ያልብሱን፣ ፈትተው ቆዳችንን በመስታወት ይዩ፤ የቀላው ቦታ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ወደ መልኩ ካልተመለሰ እዚያው ላይ ማሰሪያው ይቀየራል። የሚፈርመው ሰው የሚፈርመውን በሚያነበው ቋንቋ ያንብብ፤ አማርኛም ይሁን አፋን ኦሮሞ። «አቁሙ» የማለት ሥልጣንም የለባሹ ይሁን፣ እንግዳ ቢኖርም፣ ካሜራ ቢኖርም። እኔ ያን ቀን ልበል ብዬ ነበር፤ አዳራሹ ሲያጨበጭብ አፈርኩ።

ባለቤቴ ይህን ደብዳቤ አንብባ «እንደገና ልትለብስ ነው?» አለችኝ። አዎ፣ ብያታለሁ። ግን በዚህ ቅደም ተከተል።

ጋራዡ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ክፍት ነው፤ ሐሙስ ከሰዓት ሥራ ይቀለኛል። ቦታው የጠፋው ሰው ፍራንኮ ደርሶ «ዊልቸር ሠሪው» ብሎ ይጠይቅ። ስትመጡ ሜትር ይዛችሁ ኑ፣ የልብስ ሰፊ ዓይነቱን፤ የእኔ የብረት ስለሆነ ጉልበት ላይ አይጠመዘዝም።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የአዳማ መካኒክ

ግልባጭ፦
ለከተማው የፊዚዮቴራፒና የእግር ድጋፍ ባለሙያዎች
ለባለቤቴ